በገናና በጥምቀት መካከል፦ ሁለት ትንንሽ ልጆችን ይዞ በብርድ ወራት ወደ ዲዝኒላንድ ፓሪስ

ጥያቄ፦ «የምንኖረው ፍራንክፈርት ነው። የ4 ዓመት ሴት ልጅና የ14 ወር ወንድ ልጅ አሉን። ባለቤቴ ከዲሴምበር 25 በኋላ ባሉት የዕረፍት ቀናት በመኪና ወደ ዲዝኒላንድ ፓሪስ ሄደን ሁለት ቀን እንድንቆይ ይፈልጋል፤ ክረምት ስለሆነ ሰው አይበዛም፣ ዋጋውም ይቀንሳል ይላል። አብረውን የሚኖሩት አማቴ ግን ሕፃን ልጅ በዚህ ብርድ ውጭ ከዋለ ሳንባ ምች ሳይዘው አይመለስም ብለው አጥብቀው ይቃወማሉ። ወፍራም ጃኬትና ጓንት ገዝተንላቸዋል። እንሂድ ወይስ እስከ በጋ እንቆይ? ታናሹስ ውጭ ስንት ሰዓት ቢቆይ አይጎዳም?»

ምላሽ፦ ባለቤትዎ በቀኑ፣ አማትዎ በምክንያቱ ተሳስተዋል። ሁለት ጤነኛ ልጆችን በአውሮፓ ክረምት ወደ መዝናኛ ፓርክ መውሰድ ይቻላል። ይሁን እንጂ ባሰባችሁት ሳምንት ሊሆን አይገባም፤ የገዛችሁላቸው ወፍራም ጃኬትም ያሰባችሁትን ያህል አይጠብቃቸውም፣ እንዲያውም መኪና ውስጥ አደጋ ሊያመጣባቸው ይችላል። የቤተሰቡ ክርክር የተነሣው በሳንባ ምች ስለሆነና ቀሪው ምክሬም የሚመሠረተው በዚያው ላይ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

ሳንባ ምችን የሚያመጡት ቫይረሶችና ባክቴሪያዎች ናቸው፤ ቀዝቃዛ አየር ጀርሙ በሌለበት ብቻውን ሳንባን አያቆስልም። አማትዎ ያስተዋሉት ነገር ግን ከንቱ አይደለም፤ ልጆች በብርድ ወራት አብዝተው ይታመማሉ፣ በእነዚህ ወራት የሚያስሉ ሕፃናት ከሐኪም ቤት ደጃፍ አይጠፉም። ይህ የሚሆነው ብርድ ሲመጣ ሰው በርና መስኮት ዘግቶ ተጠጋግቶ ስለሚቀመጥ ነው። ማሞቂያ ያደረቀው የቤት ውስጥ አየር እንደ ኢንፍሉዌንዛ ያሉ ቫይረሶችን ረዘም ላለ ጊዜ ያቆያል፣ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ደግሞ የአፍንጫን የመከላከል አቅም በመጠኑ ሊያዳክም ይችላል። ስለዚህ ልጅዎ በሽታ ሊይዘው የሚችለው ነፋስ እየነፈሰበት በጋሪ ሲገፋ ሳይሆን፣ መስታወቱ በእንፋሎት በደበዘዘ ምግብ ቤት ውስጥ ከሚያስል ሰው ጎን ሲቀመጥ ወይም መቶ እጅ የጨበጠውን የሰልፍ ብረት ይዞ እጁን ወደ አፉ ሲወስድ ነው።

በዚህ አጋጣሚ፣ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ከ6 ወር ዕድሜ ጀምሮ ሊሰጥ ይችላል። በጀርመን ለሕፃናት በመደበኛነት የሚመከረው ተጓዳኝ ሕመም ላለባቸው ቢሆንም ሐኪማችሁን ጠይቁ። ክትባቱ መከላከል የሚጀምረው ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወስድ ትንሽ ልጅም በ4 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ መውሰድ ሊያስፈልገው ስለሚችል በጉዞው ዋዜማ የሚታሰብ ነገር አይደለም። አማትዎ ዕድሜያቸው 60 ከሞላ ግን ክትባቱ ከማንም አስቀድሞ የሚመከረው ለእሳቸው ነው፤ ልጆቹ ከፓርኩ ይዘውት የሚመለሱት ቫይረስ አብዝቶ የሚጎዳው አያትን ነውና።

እንግዲህ በዚህ ጉዞ ልትፈሩት የሚገባው ሰልፉን ነው። ሰልፍ ልጅን ሳይንቀሳቀስ ስለሚያቆመው ያበርደዋል፤ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር ስለሚያጠጋጋው ለቫይረስ ያጋልጠዋል፤ የእንቅልፍና የምግብ ሰዓቱን ስለሚያዛባ ደግሞ ሁለቱንም የሚቋቋምበትን ጉልበት ያሳጣዋል። ስለሆነም ትክክለኛውን ቀን መምረጥ ከማንኛውም ልብስ የበለጠ ልጆቹን ይጠብቃል።

ክረምት ሰው አይበዛም የሚለው ግምት ለጃንዋሪ አጋማሽ ይሠራል፤ ከዲሴምበር 25 እስከ ጃንዋሪ 1 ላለው ሳምንት ግን ፈጽሞ ተቃራኒው ነው። በዚያ ሳምንት የፈረንሳይ፣ የጀርመን፣ የእንግሊዝ፣ የቤልጂግና የኔዘርላንድ ትምህርት ቤቶች ሁሉም ዝግ ናቸው፤ ፓርኩ ደግሞ ከፓሪስ በስተምሥራቅ 32 ኪሎ ሜትር ላይ፣ ለእነዚህ ሁሉ አገሮች በባቡርና በመኪና በሚመች ቦታ የተሠራ ነው። የመግቢያ ቲኬቱ ዋጋ እንደ ቀኑ ስለሚለያይ ሕዝብ የሚበዛበት ሳምንት ርካሽ ይሆናል ብሎ መጠበቅም ስሕተት ነው። ብዙ ወላጆች የማያስተውሉት ሌላም ነገር አለ። ለትንንሽ ልጆች የተሠሩት እንደ በራሪው ዝሆን ዳምቦና እንደ ፒተር ፓን ያሉ መጫወቻዎች በአንድ ዙር የሚይዙት ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ በተጨናነቀ ቀን ልጅዎ ሁለት ደቂቃ ለምትበርበት ዝሆን፣ ያውም ሜዳ ላይ ቆማ፣ አንድ ሰዓት ልትጠብቅ ትችላለች።

ከዚህ ሳምንት ውጭ ሁለት አማራጮች አሏችሁ። አንደኛው የኖቬምበር መጨረሻና የዲሴምበር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ነው፤ የፈረንጆቹ ገና መብራትና ጌጥ ኖቬምበር ውስጥ ስለሚሰቀል ከቅዳሜና እሑድ ውጭ ባሉት ቀናት ያለ ከባድ ግፊያ ልታዩት ትችላላችሁ። ሁለተኛው የጃንዋሪ አጋማሽ ነው። በዚያን ጊዜ ጌጡ ይወርዳል፣ አንዳንድ መጫወቻዎችም ለጥገና ይዘጋሉ፤ ነገር ግን ሰልፉ በዓመት ውስጥ ከሚያጥርባቸው ሳምንታት አንዱ ነው። ልጅዎ ገና ኪታ (የጀርመን መዋዕለ ሕፃናት) እንጂ ትምህርት ቤት ስላልገባች የትምህርት ቤት ዕረፍትን የመጠበቅ ግዴታ የለባችሁም፤ ይህን ነጻነት የምታጡት ከሁለት ዓመት በኋላ ነው፣ እስካለ ድረስ ተጠቀሙበት። ከፌብሩዋሪ ጀምሮ የፈረንሳይ ክፍላተ ሀገራት የክረምት ዕረፍታቸውን በየተራ ስለሚወስዱ ፓርኩ እንደገና ይጨናነቃል።

በጋን መጠበቅ ደግሞ በራሱ መፍትሔ አይደለም። ጁላይና ኦገስት ሙሉ ዕረፍት ናቸውና ሰልፉ አይቀንስም፤ የፓሪስ አካባቢ የሙቀት ማዕበልም ለ14 ወር ልጅ ከ5 ዲግሪ ብርድ የቀለለ አይደለም። ብርድ ሲሆን ልብስ መደረብ ይቻላል፣ 37 ዲግሪ ሲሆን ግን ማውለቅ የሚቻለው እስከ ቆዳ ድረስ ብቻ ነው። ለገንዘቡም ቢሆን ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ መግቢያ ስለማይከፍል ታናሹን በተመለከተ መዘግየት አይጠቅማችሁም።

አሁን ወደ ብርዱ ልመለስ፤ ሳንባ ምች አያመጣም ማለት አይጎዳም ማለት አይደለምና። የሕፃን የቆዳ ስፋት ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ከአዋቂ ይበልጣል፣ ስለዚህ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል፤ ከአካሉ የጭንቅላቱ ድርሻም ከአዋቂ ስለሚበልጥ ኮፍያ ለእርሱ ጌጥ አይደለም። በፓሪስ በጃንዋሪ የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ 7፣ የሌሊቱ ዝቅተኛ 3 ዲግሪ ገደማ ነው። ይህ ቁጥር አያስፈራም፤ የሚያስቸግረው ብርዱ እርጥብና ነፋስ የበዛበት መሆኑ ነው። በ5 ዲግሪ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሲጨመርበት ቆዳ የሚሰማው 0 ዲግሪ ያህል ነው፤ ክፍት መጫወቻ ላይ የሚበር ልጅ ደግሞ ያንን ነፋስ ራሱ ይፈጥረዋል። ዝናብ ከተጨመረ ስሌቱ ሁሉ ይበላሻል፤ እርጥብ ልብስ የሰውነትን ሙቀት ከደረቁ እጅግ በፈጠነ ሁኔታ ይወስዳል።

ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን በጋሪ የሚቀመጠው ልጅ ነው። ጋሪውን የሚገፋው ወላጅ ይራመዳል፣ ጡንቻው ይሠራል፣ አልፎ አልፎም የጃኬቱን ዚፕ ይከፍታል። በዚህ የተነሣ ብርዱን የሚለካው በራሱ ሰውነት ይሆንና ሳይንቀሳቀስ የተቀመጠው ሕፃን ግን ከሰዓት ወደ ሰዓት እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ሴት ልጅዎ ስትበርዳት ትናገራለች፤ ታናሹ ግን መጀመሪያ ያለቅሳል፣ ከዚያ ዝም ይላል፣ ወላጆችም ዝምታውን እንቅልፍ መጣበት ብለው ይተረጉሙታል። ስለዚህ በየ20 ደቂቃው እጃችሁን አሙቃችሁ ከአንገቱ ኋላ ወይም ከደረቱ ላይ አስገብታችሁ ዳስሱት። ጣቱና አፍንጫው ቢቀዘቅዝ በራሱ አያሳስብም፤ ደረቱ ወይም ጀርባው ቀዝቃዛ ከሆነ ግን ወዲያው ወደ ሞቀ ክፍል መግባት አለበት። አንገቱ ካላበው ደግሞ ልብሱ በዝቷል ማለት ነው፤ ላቡ ውጭ ሲወጣ መልሶ ያበርደዋልና አንድ ልብስ አውልቁለት።

ለዚህ ነው አንድ ወፍራም ጃኬት በቂ ያልሆነው። ሱቅና ምግብ ቤት ስትገቡ 22 ዲግሪ ነው፣ ስትወጡ 4 ዲግሪ ነው፤ ይህ በቀን አሥር ጊዜ ይደጋገማል። የሚጠቅመው በቀላሉ የሚወልቅና የሚደረብ ሦስት ንብርብር ነው፤ ከቆዳ ላይ የሚያርፈው ከሱፍ ወይም እርጥበት ከማይዝ ጨርቅ የተሠራ ስስ ልብስ፣ በላዩ ሹራብ፣ ከዚያ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ሽፋን። ጥጥ ከቆዳ ላይ አይሁን፤ ላብ ይዞ ስለሚቆይ። ጋቢም በዚሁ ይዳኛል። ደረቅ ሆኖ በጋሪው ላይ ቢለበስ ከብዙ ውድ ብርድ ልብስ ይሻላል፤ ነገር ግን ጥጥ ነውና ካፊያ ሲነካው ከብዶ የቀዘቀዘ ጨርቅ ይሆናል፣ ስለዚህ ሰማዩ ሲጠቁር ወደ ቦርሳ ይመለስ። ጀርመን አገር ፉስዛክ እየተባለ የሚሸጠው የጋሪ ከረጢት እግርን ስለሚሸፍን ለታናሹ ከማንኛውም ጫማ ይበልጣል። ለእጁ ጣቶቹን አንድ ላይ የሚይዝ ጓንት ጣት በጣት ከተለያየው ያሞቃል። የአንገት ልብስ የሚታሰርና የሚንጠለጠል ሳይሆን በራስ የሚጠለቅ ይሁን፤ የተንጠለጠለ ሻርፕ መጫወቻ ላይ ያንቃል። ፊት ላይ የሚቀባ ቫዝሊን ቆዳን ከመድረቅ ይጠብቃል እንጂ አያሞቅም። የጋሪው የፕላስቲክ የዝናብ ሽፋንም ሲዘጋ የአየር መግቢያው ክፍት መሆኑን ተመልከቱ፣ ቤት ውስጥ ስትገቡም ግለጡት።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያለ ማለሳለስ ልጻፍ፦ ልጆቹን በወፍራም ጃኬት የመኪና መቀመጫ ላይ አታስሩ። ቀበቶው የጠበቀ የሚመስለው ጃኬቱን ስለያዘ ነው፤ ግጭት ሲፈጠር በጃኬቱ ውስጥ ያለው አየር ይታመቅና በቀበቶውና በልጁ ደረት መካከል ክፍተት ይፈጠራል፣ ልጁም ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል። ማመን ካስቸገረ ልጅዎን በጃኬት እሰሯትና ቀበቶውን ሳታላሉ አውጧት፤ ከዚያ ያለ ጃኬት መልሳችሁ እሰሯትና ምን ያህል እንደላላ ተመልከቱ። ትክክለኛው መንገድ መኪናውን አስቀድሞ ማሞቅ፣ በስስ ሹራብ ማሰርና ከቀበቶው በላይ ጋቢ ማልበስ ነው። ከፍራንክፈርት በሳርብሩክንና በሜትዝ በኩል እስከ ፓርኩ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ በየሁለት ሰዓቱ ቆማችሁ ታናሹን ከመቀመጫው አውጡት። ወደ ፓሪስ የሚወስደው የፈረንሳይ ኤ4 አውራ ጎዳና ክፍያ አለው፣ በፓርኩ አጠገብም ያልፋል። ባቡር ከመረጣችሁ ከፍራንክፈርት የሚነሣው ፓሪስ ምሥራቅ ጣቢያ ያወርዳችኋል፤ ከዚያ እስከ ፓርኩ ድረስ ባቡር መቀየር ግድ ነው፣ የፓሪስ ሜትሮ ጣቢያዎች ብዙዎቹ ደግሞ ሊፍት የላቸውም። ከጋሪና ከሻንጣ ጋር እኔ መኪናውን እመርጣለሁ።

አማትዎ «እዘይው» ቢሉ ግን ስሟቸው። ሕፃን ታዝሎ ወይም ደረት ላይ ታቅፎ ሲሄድ የአዋቂውን ሙቀት ይጋራል፣ አዋቂውም መብረዱን ቶሎ ያውቃል፤ ጋሪ ይህን አይሰጥም። ሁለት ነገር ብቻ ይጠበቅ፦ ፊቱ በጨርቅ እንዳይሸፈንና አፍንጫው ደረታችሁ ላይ እንዳይታፈን፣ እንዲሁም ተንጠልጥለው የሚቀሩት እግሮቹ በደንብ እንዲሸፈኑ። እግሩ ላይ የጠበበ ጫማ ደም ስለሚያግድ ያበርዳል እንጂ አያሞቅም።

ስንት ሰዓት ውጭ ይቆይ ላሉት፣ ለሁሉም ልጅ የሚሆን አንድ ቁጥር የለም። በ5 ዲግሪ፣ ዝናብ በሌለበት፣ በሚገባ የለበሰ የ14 ወር ልጅ በጋሪ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ ከቆየ በኋላ ቢያንስ ለ20 ደቂቃ ቤት ውስጥ ቢሞቅ ጥሩ ነው ብዬ እመክራለሁ። ነፋስ ከበረታ ወይም ሙቀቱ ወደ ዜሮ ከወረደ ይህን በግማሽ ቀንሱት፤ ልብሱ ከረጠበ ደግሞ ሰዓት መቁጠር ትታችሁ ግቡ። ሴት ልጅዎ ስለምትሯሯጥ ከዚህ እጥፍ ትችላለች፤ ሰልፍ ላይ ስትቆም ግን እሷም እንደ ወንድሟ ትቆጠር።

ፓርኩ ለዚህ ዓይነት አካሄድ ከሚታሰበው በላይ ይመቻል። በኤፕሪል 1992 ሲከፈት የሰሜን ፈረንሳይ ዝናብ ታስቦበት ስለተሠራ ከመግቢያው ዋና ጎዳና ሱቆች ጀርባ፣ በግራና በቀኝ፣ ጣሪያ ያላቸው ሁለት ረጃጅም መተላለፊያዎች አሉት፤ ከበሩ እስከ ቤተ መንግሥቱ አደባባይ ሳትረጥቡ ትደርሳላችሁ። ሕፃን የሚቀየርበትና ምግቡ የሚሞቅበት ክፍል በጎዳናው መጨረሻ ከፕላዛ ጋርደንስ ምግብ ቤት አጠገብ ነው። በቤተ መንግሥቱ ሥር ያለው የዘንዶው ዋሻ በእግር የሚታይ ነው፤ ለ4 ዓመት ልጅ ደስታ ነው፣ ታናሹ ግን በድምፁ ሊደነግጥ ይችላል። በጀልባ የሚዞሩበት የዓለም ሕፃናት አሻንጉሊቶች ትርኢት ቤት ውስጥ ነው፣ የቁመት ገደብም የለውም፣ ሕፃን ታቅፎ ይገባበታል፤ የሻይ ስኒዎቹም ጣሪያ አላቸው። በሌላ በኩል ዳምቦና ክፍት ሠረገላ ያለው ባቡር ነፋስ ላይ ናቸው፣ የሚሻለው ፀሐይ ባለበት ሰዓት ነው። ቢግ ተንደር ማውንቴን የተባለው ፈጣኑ የባቡር ተራራ ቢያንስ 1.02 ሜትር ቁመት ይጠይቃል። የ4 ዓመት ልጅ በዚያው አካባቢ ስለምትሆን ከመሄዳችሁ በፊት ቤት ለኩዋት፤ ሰልፉ ጫፍ ላይ ደርሶ የሚመለስ ልጅ ለቅሶ ቀላል አይደለም። እናንተ ራሳችሁ መውጣት ከፈለጋችሁ አንዱ ሲጫወት ሌላው ልጆቹን ይዞ ይቆይና ተራው ሲደርስ ሰልፉን እንደገና ሳይጀምር የሚገባበት አሠራር አለ፤ መግቢያው ላይ ያለውን ሠራተኛ ጠይቁ። ሰልፍ ለመዝለል የሚሸጠውን ተጨማሪ ቲኬት ግን በጃንዋሪ አጋማሽ አያስፈልጋችሁም።

ጠዋት በር ሲከፈት ግቡ፤ ከምሳ በኋላ ወደ ሆቴል ተመልሳችሁ ልጆቹ ይተኙ፤ ከዚያ ለአንድ ሰዓት ተኩል ብቻ እንደገና ውጡ። ይህ የሚሆነው ግን ሆቴሉ በእግር ወይም በአጭር የአውቶቡስ ጉዞ የሚደረስ ከሆነ ነው፤ ስለዚህ ገንዘብ መቆጠብ ካለባችሁ ከሌላ ነገር ቆጥቡ እንጂ ከሆቴሉ ርቀት አይሁን። የሌሊቱን ርችት አትጠብቁ። የቀኑ ብርድ የሚበረታው፣ ልጆቹ የሚደክሙት፣ ታናሹም ጋሪ ውስጥ ሳይንቀሳቀስ የሚተኛው በዚያው ሰዓት ነው። ክረምት በዚህ ረገድ አንድ ቸርነት አለው፤ በዲሴምበርና በጃንዋሪ ፀሐይዋ በፈረንሳይ አቆጣጠር 17 ሰዓት፣ በእኛ ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ ስለምትጠልቅ በበጋ እኩለ ሌሊት ሊደርስ ሲል የሚታየውን የመብራት ውበት ልጆቹ ከእራት በፊት አይተው ይመለሳሉ። አጠገቡ ያለውን ሁለተኛውን የዲዝኒ ፓርክ በዚህ ዕድሜ ተዉት።

ስለ ምግብ፦ ፓርኩ ውስጥ ማዕድ ዘርግቶ መብላት አይፈቀድም፤ የሕፃን ምግብ፣ መክሰስና ውሃ ግን ይዛችሁ ትገባላችሁ። በኖቬምበር መጨረሻ ከሄዳችሁ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ የምትጾሙ ከሆነ የናንተን ምግብ አስቀድማችሁ አስቡበት፤ በብርድ ቀን ባዶ ሆድ ጋሪ የሚገፋ ወላጅ ቶሎ ይዝላል፣ ይቆጣልም። ልጆቹ ብርድ ላይ ከወትሮው አዘውትረው መብላት አለባቸው፤ የሚንቀጠቀጥ ሰውነት ብዙ ኃይል ይጨርሳል። ትኩስ ቸኮላት ሲገዛ በልጅ ጭን ወይም በጋሪው እጀታ ላይ አይቀመጥ። የፈላ መጠጥ የተደፋበትን ሕፃን ማከም ከበረደው ሕፃን ይልቅ እጅግ ይከብዳል።

ይህ ምክር የማይሠራባቸው ልጆች አሉ። ታናሹ ያለ ቀኑ የተወለደ፣ የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት፣ ወይም በቅርብ ሳምንታት በትንፋሽ ማጠር ሆስፒታል የተኛ ከሆነ ያለ ሐኪሙ ፈቃድ አይሂድ። አስም ያለበት ልጅ ቀዝቃዛ አየር ደረቱን ሊያፍነው ስለሚችል መድኃኒቱ በኪስ እንጂ በሆቴል አይቀመጥ። ከተለመደው ውጭ የደከመ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ የገረጣ ወይም መብላት እምቢ ያለ ልጅ ሲገኝ እርጥብ ልብሱን አውልቁ፣ በደረቅ ልብስ ጠቅልላችሁ ከሰውነታችሁ ጋር አጣብቃችሁ እቀፉት፣ ከነቃና መዋጥ ከቻለ ለብ ያለ መጠጥ ስጡት፤ እጅና እግሩን አትሹት፣ ትኩስ ውሃ የያዘ ነገርም ቆዳው ላይ አታስቀምጡ። መንቀጥቀጡ ቆሞ ድብታው ከባሰ ወይም ሲተነፍስ የጎድኑ ሥጋ ወደ ውስጥ ከገባ በመላው አውሮፓ ኅብረት የሚሠራውን 112 ደውሉ። በመንግሥታዊው የጤና መድን ውስጥ ከሆናችሁ የጀርመን የጤና ካርዳችሁ ጀርባ በአውሮፓ የሚሠራው የመድን ካርድ ነው፤ የሁለቱንም ልጆች ካርድ ያዙ።

ስለዚህ የዲሴምበሩን ዕቅድ ሰርዙ። የምመክራችሁ ከእኛ ገና በኋላና ከጥምቀት በፊት ባለው ሳምንት እንድትሄዱ ነው። ጃንዋሪ 7 በነጋታው አይሁን፤ ሌሊቱን ቅዳሴ ላይ ያደረ ልጅ ቢያንስ ሁለት ቀን ማረፍ አለበት። ሰኞ ተጓዙ፣ ማክሰኞን ዋናው ቀን አድርጉት፣ ረቡዕ ብዙዎቹ የፈረንሳይ ትንንሽ ልጆች ትምህርት ስለሌላቸው እስከ ምሳ ብቻ ግቡ፣ ሐሙስ ጠዋት ተመለሱ፤ ከፓርክ ውሎ በኋላ በዚያው ሌሊት 500 ኪሎ ሜትር መንዳት ከብርዱ የከፋ አደጋ ነው። መብራቱንና ጌጡን የግድ ማየት ከፈለጋችሁ ይህንኑ አካሄድ በዲሴምበር የመጀመሪያው ሳምንት ፈጽሙት። ቲኬቱንና ሆቴሉን ስትገዙ የመሰረዣ ውሉን አንብቡና እስከ መጨረሻው ቀን የሚሰረዘውን ምረጡ፣ ጥቂት ዩሮ ቢጨምርም። ሰኞ ጠዋት ከልጆቹ አንዱ ትኩሳት ካለው ጉዞው ይቀራልና፤ የከፈላችሁት ገንዘብ ሊያስወስናችሁ አይገባም።